መሬቱ ሲናወጥ፣ ቤቱ ሲፈርስ፦ ተፈጥሯዊ ክስተትና አደጋ በሰሜን ሸዋ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማበርን ዋሻ ሲያልፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከሦስት ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ደብረ ሲናን አቋርጦ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዶ ይገኛል። በመካከሉ ያለው ርቀት ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህ አጭር ጉዞ ውስጥ አገራችንን የሚፈትናት የተፈጥሮ ክስተት ሁሉ ተሰብስቦ ይገኛል ቢባል ማጋነን አይሆንም፦ ደጋው ላይ ውርጭና በረዶ፣ ቁልቁለቱ ላይ ናዳና የመሬት መንሸራተት፣ ቆላው ላይ ደራሽ ጎርፍና ድርቅ፣ አካባቢው የአፋር ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ በመሆኑም ከሁሉም ሥር የመሬት መንቀጥቀጥ። ከእነዚህ አንዱ ሰው በገደለ ወይም ሀብት ባወደመ ቁጥር «የተፈጥሮ አደጋ ደረሰ» ተብሎ ይነገራል፤ እርዳታ ይጠየቃል፤ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ተፈጥሮ ያደረገችውና በሰው ላይ የደረሰው ጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚወስነውም በአብዛኛው የሰው ውሳኔ መሆኑን ነው።

የአደጋ ስጋት ባለሙያዎች የመሬት መንቀጥቀጡን፣ ከባዱን ዝናብ፣ የዝናቡን መቅረት ወይም ውርጩን አደጋ አምጪ ክስተት ይሉታል። ክስተቱ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል እንጂ በራሱ አደጋ አይደለም። አደጋ የሚባለው ክስተቱ በሰው ኑሮ ላይ ወድቆ፣ የተጎዳው ማኅበረሰብ በራሱ አቅም ሊሸከመው የማይችለውን ጥፋት ሲያስከትል ነው። በአፋር የሚገኘው ኤርታ አሌ ከእሳተ ገሞራው አፍ ቅልጥ ድንጋይ ቢያፈስ፣ በዙሪያው ሰውና ንብረት እስከሌለ ድረስ ለሥነ ምድር ተመራማሪ ትልቅ ነገር ይሆናል እንጂ ማንም አይሞትበትም። ስለዚህ አንድን ክስተት ወደ አደጋ የሚለውጠው በመንገዱ ላይ ማን እንዳለ፣ ያ ሰው በምን ዓይነት ቤትና በምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር፣ ከተመታም በኋላ ተመልሶ የሚቆምበት ጥሪት ይኖረው እንደሆነ ነው።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ ይህን ለመረዳት ይረዳል። በሬክተር መለኪያ ስድስት ነጥብ አምስት ገደማ የተመዘነው ይህ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል፤ በካራቆሬ ብዙ ቤቶችን አፍርሷል፤ ወደ ደሴ የሚወስደውንም መንገድ ጎድቷል። ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል። የምድሩ ጠባይ በዚህ ዘመን ውስጥ አልተለወጠም፤ ስምጥ ሸለቆው ዛሬም በዓመት ሚሊ ሜትሮች እየተከፈተ ነው። የተለወጠው ከላዩ ያለው ኑሮ ነው። ያኔ ጥቂት ቤቶች በነበሩበት መስመር ላይ ዛሬ ሸዋ ሮቢት፣ አጣየ፣ ካራቆሬና ከሚሴ ሰፍተው ተቀምጠዋል፤ በብሎኬት የተገነቡ ፎቆች፣ የነዳጅ ማደያዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የኤሌክትሪክ መስመሮች ተጨምረዋል። ያው የ1953ቱ መንቀጥቀጥ፣ በዚያው ቦታና በዚያው ጉልበት ዛሬ ቢደገም፣ ክስተቱ አንድ ሆኖ ሳለ አደጋው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ቅልጥ ድንጋይ ከምድር ሥር ሲንቀሳቀስ ለወራት የቆየ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ተፈጥሮ ነበር፤ በታኅሣሥና በየካቲት የደረሱት ትልልቆቹ ወደ ስድስት የተጠጉ ሲሆን፣ ንዝረታቸው ከሸዋ ደጋ አልፎ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው እንዲነሱ ሲደረግ፣ የሞተው ሰው ቁጥር ከመንቀጥቀጡ ብዛት አንጻር እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ አልፏል። ለዚህ አንዱ ምክንያት አካባቢው በአብዛኛው የአርብቶ አደር መኖሪያ መሆኑና ብዙው ጎጆ ቀላል መሆኑ ነው፤ ሌላው ሰዎቹ አስቀድመው መነሳታቸው ነው። ወደ መንዝ ደጋ ስንወጣ ግን የምናገኘው ሌላ ዓይነት ቤት ነው። በድንጋይ የተካበውና በጭቃ የተያያዘው ወፍራም ግድግዳ ለብርዱ ጥሩ መከላከያ ቢሆንም፣ ማዕዘኖቹ በእንጨት ወይም በብረት ማሰሪያ ካልተያዙ ወደ ጎን ሲናጥ ይዘረገፋል፤ ቋሚውና ማገሩ እርስ በርስ የተሳሰረው የጭቃ ቤት ግን ልስኑ ቢሰነጣጠቅም አጥንቱ ይወዛወዛል እንጂ ባንዴ አይናድም። ልዩነቱ የአንድ አናጢና የጥቂት እንጨት ልዩነት ነው፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት ያለው በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው።

የደብረ ሲና ቁልቁለት ደግሞ የሁለቱን ነገሮች ዝምድና ይበልጥ ያወሳስበዋል። የጣርማበር ተራሮች በባዛልት ድንጋይ የተገነቡ ሲሆኑ፣ ከላይ የተፈረካከሰውና ወደ አፈር የተለወጠው ክምር በቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። በሐምሌና በነሐሴ የጠጣው ውኃ ሲበዛበት፣ ክምሩ ከሥሩ ካለው ጽኑ ድንጋይ ይላቀቃል። በ1998 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በገባ ሰሞን በጣርማበር ወረዳ ይዛባን በመሳሰሉ አካባቢዎች የደረሰው መንሸራተት እንዲህ ያለ ነበር፤ ብዙ ቤቶችንና የእርሻ ማሳዎችን ይዞ ወርዶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሏል። ነገሩ አዲስም አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ከዝናብና ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር በተያያዘ መንሸራተት ተመትታ ቤቶቿን ማጣቷ ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ «ተፈጥሯዊ» የምንለው ራሱ ምን ያህል ተፈጥሯዊ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል። ዝናቡ የሰማይ ነው፤ የድንጋዩም ዓይነት የምድር ነው። ነገር ግን ቁልቁለቱን ለመንገድ ሲቆርጡት የተራራው እግር ይነሳል፤ ከላይ የተቀደደ ያልተለሰነ የመስኖ ቦይ ውኃውን ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ያሰርጋል፤ ሥሩ አፈሩን ይዞ የነበረው ዛፍ ሲመነጠር ክምሩ የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ ሰው በክስተቱ መንገድ ላይ በመቀመጥ ብቻ ሳይሆን ክስተቱን ራሱን በማፍጠንም ይገባበታል። ይህን ስል ቁልቁለት ላይ ጎጆ የቀለሰውን ገበሬ መውቀሴ አይደለም። ለም የሆነና ምንጭ ያለበት መሬት በዚያ ወገብ ላይ ነው፤ ሜዳው በሌላ ሰው ተይዟል፤ ከአባቱ የተረፈው ድርሻም ያ ብቻ ነው። «ለምን እዚያ ሰፈረ?» ከማለት በፊት «ሌላ የት ሊሰፍር ይችል ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የመሬት ክፍፍል፣ የመልሶ ማስፈሪያ ቦታና የካሳ ጉዳይ የሚነሳውም ከዚሁ ጥያቄ ነው። ሰው ከአደገኛ ቁልቁለት ተነስቶ ሩቅ ቦታ ቤት ቢሰጠውና ማሳው ግን እዚያው ቢቀር፣ በእርሻ ወቅት መመለሱ አይቀርም።

እውቀትም ከመቋቋሚያ አቅም አንዱ ነው። ቁልቁለት ከመንሸራተቱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፦ ማሳ ላይ አዲስ ስንጥቅ ይታያል፣ ዛፍና የእንጨት ምሰሶ ይዘማል፣ ጥሩ ውኃ የነበረው ምንጭ በድንገት ይደፈርሳል ወይም ይደርቃል፣ እንደ ልብ ይዘጋ የነበረ በር አልገጥም ይላል። እነዚህን ምልክቶች እረኛውም ውኃ ቀጂዋም ከማንም ቀድመው ያያሉ፤ ያዩትን የሚነግሩት ሰውና ሰምቶ ሕዝቡን የሚያስነሳ አካል መኖሩ ላይ ነው ችግሩ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ያለቁበት አደጋ በዚህ ረገድ ልብ የሚሰብር ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት በእጅና በአካፋ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው። ለወገን መድረስ የባህላችን ትልቁ ሀብት ነው፤ አንድ ጊዜ የተናደ ቁልቁለት ገና አለመርጋቱን፣ ከላይ ሆኖ የሚጠብቅና የሚያስጠነቅቅ ሰው ሳይመደብ ከሥሩ መግባት እንደማይገባ ቀድሞ ያስተማራቸው ሰው ግን አልነበረም።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለውን የቀወትን ሜዳ በአጭሩ ልለፈው። ሮቢና ሌሎቹ ከደጋው የሚወርዱ ወንዞች ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ስለሚቀንስ ያመጡትን ድንጋይና አሸዋ እዚያው ይጥሉታል፤ የወንዙ ወለል ከዓመት ዓመት እየሞላ ይሄዳል፤ ውኃውም አንድ ክረምት ላይ አሮጌ መንገዱን ትቶ በማሳውና በመንደሩ በኩል ይወርዳል። የማሾና የሽንኩርት ማሳ የሚያበላው ይኸው ወንዝ ያመጣው ደለል ነውና ገበሬው ከወንዙ መራቅ አይሆንለትም። ነገር ግን የከተማ ቦታ ሲሸነሸን በአሮጌው የወንዝ መንገድ ላይ ካርታ የሚሰጥ ሰው ገበሬው አይደለም። ላይኛው ተፋሰስ ላይ እርከን ሳይሠራ ታች ብቻ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) መደርደርም ወንዙን ለጥቂት ዓመታት ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያቆመውም፤ በአንዲት ጢድ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲመዘን የኖረው የደጋው የአፈር መከላት የቆላውን ጎርፍ ለመረዳትም ይጠቅማል።

ክስተትና አደጋ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ጎልቶ የሚታየው ግን በድርቅ ነው። መንቀጥቀጥ በሰከንዶች ያልቃል፤ ድርቅ ግን ወደ ረኃብ እስኪለወጥ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ በእነዚያ ወራት ውስጥ መንገዱን ማስቀየር የሚችሉ ብዙ ውሳኔዎች አሉ። የሰሜን ሸዋ ደጋ በብዙ ቦታ የበልግ አገር ነው። ገብሱ በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ይዘራል። በልጉ ሲቀር የደጋው ገብስ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ቆላው ላይ በሚያዝያ መዘራት የነበረበት ረጅም ጊዜ የሚወስደው ማሽላም ሳይዘራ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ያለው የሰማይ ሥራ ነው። ቀጥሎ የሚሆነውን ከገበያ እንየው። አንድ የመንዝ ገበሬ ቤቱ ያለው እህል ሲያልቅ መጀመሪያ በግ ይዞ ገበያ ይወጣል። ጎረቤቱም ያንኑ ቀን በግ ይዞ ወጥቷል፤ የጎረቤቱም ጎረቤት እንዲሁ። ሻጩ በዝቶ ገዥው ስለጠፋ የበጉ ዋጋ ይወድቃል፤ ሁሉም እህል ፈላጊ ስለሆነ የገብሱ ዋጋ ይወጣል። ባለፈው ዓመት አንድ በግ ሸጦ ያገኘውን ገብስ ዘንድሮ በሁለትም በሦስትም በግ አያገኘውም። በጎቹ ሲያልቁ በሬው ይቀጥላል፤ በሬው ከተሸጠ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢጥልም የሚያርስበት የለውምና መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ ከራሱ ማሳ ግማሹን ብቻ ያፍሳል። ድርቁ ካበቃ በኋላ ድህነቱ የሚቀጥለው በዚህ መንገድ ነው። ሰማዩ የአንድ ወቅት ዝናብ ከለከለ፤ የገበያው አሠራርና የጥሪት ማነስ ያንን የአንድ ወቅት ጉድለት የብዙ ዓመት ውድቀት አደረጉት። እዚያው መንደር ውስጥ ተቀጣሪ ልጅ ያለው ወይም ጎተራው የሁለት ዓመት እህል የያዘ ቤተሰብ ያንኑ ድርቅ በግ እየገዛ ሲያሳልፈው ይታያል።

አያቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚጠሩት፣ ከ1880 ዓ.ም. በኋላ ለዓመታት የዘለቀው ረኃብም መነሻው የሰማይ ብቻ አልነበረም። ከውጭ በመጡ ከብቶች የገባው የከብት ቸነፈር በሬውን ፈጀው፤ ድርቁና አንበጣው ተጨመሩበት፤ መሬቱ እያለ የሚያርሰው ጠፋ። ዐፄ ምኒልክ ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር መኳንንቱና ሕዝቡ ያለ በሬም ቢሆን እንዲዘራ አርአያ መሆናቸው የሚታወሰው በዚህ ጊዜ ነው። የ1965 እና የ1966ቱን የወሎ ረኃብ ያጠናው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ደግሞ ያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ የአገሪቱ አጠቃላይ የእህል ምርት ከወትሮው ብዙም አልቀነሰም ነበር፤ የደሴ ገበያ ዋጋም እንደሚጠበቀው አልናረም፤ ምክንያቱም ሰብሉንና ከብቱን ያጣው ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ከወሎም እህል ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የጭነት መኪና የሚያልፈው በዚህ በጣርማበር መንገድ ነው። በአውራ ጎዳናው ዳር የተራበ ሕዝብ መኪና እያስቆመ ምግብ ሲለምን መንግሥት ነገሩን ለመሸፈን መምረጡ ደግሞ ከድርቁ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

የ1977ቱ ረኃብ ከአራት መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ሲጨርስ፣ ከድርቁ ጎን ጦርነትና የመንግሥት ፖሊሲ ቆመው ነበር። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት የመጣው ድርቅ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ከታዩት የከፉት ውስጥ የሚመደብ ሆኖ፣ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሲያደርግ፣ የ1977ቱ ዓይነት እልቂት አልተከተለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰቦች በቋሚነት እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ድጋፍ፣ ሚሊዮኖችን ይዞ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ተሰምቷል፤ መንገድ ነበር፤ እህል ከጅቡቲ ወደብ ተጓጉዟል። ብዙ ቤተሰብ ከብቱን አጥቷልና ድርቁ ያለ ጉዳት አለፈ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በዝናብ እጥረት የሚቀራረቡ ሁለት ዘመናት በሬሳ ቁጥር ይህን ያህል ከተራራቁ፣ ሬሳውን የዝናብ እጥረት ብቻ ሊያስረዳው አይችልም። በዚህ በእኛው ዞን የአንጾኪያ ሸለቆ በ1977 የረኃብተኛ መጠለያ ነበር፤ ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት እርዳታ ይዞ ገብቶ ከዚያም በዛፍ ተከላ፣ ምንጭ በማጎልበትና በመስኖ ከነዋሪው ጋር ለዓመታት ከሠራ በኋላ ያው ሸለቆ አረንጓዴና ፍራፍሬ የሚያፈራ ሆኗል።

ይህ ዓይነቱ ጥበብ ከውጭ ብቻ የመጣ እንዳይመስል የመንዝን ጓሳ መጥቀስ ያስፈልጋል። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው የጓሳ ምድር ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ ቄሮ በተባለ የጋራ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሥርዓቱ ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋዋል፤ ጠባቂ ይመድባል፤ ሕግ የጣሰውን ይቀጣል፤ በሚከፈትበት ጊዜም ሕዝቡ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ያጭዳል። በክፉ ዓመት ግጦሽ ሲጠፋ የመጨረሻው የከብት መሸሸጊያ ይኸው ነው። መንዞች ድርቅን የማስቀረት ኃይል አልነበራቸውም፤ ድርቁ የመጀመሪያውን በሬ እንዳይገድል የሚያደርግ ተቋም ግን አቁመው ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያዳክመው ጓሳው ተጎዳ፤ በኋላ በአካባቢው ሕዝብ ኮሚቴ መልክ እንደገና ተጠናክሯል። ዝናቡ ሳይቀየር ተቋም ሲፈርስ ተጋላጭነት እንዴት እንደሚጨምር ከዚህ የተሻለ የቅርብ ማስረጃ አላውቅም።

ብዙ ሰው ይህን ሐሳብ ከእምነቱ ጋር የሚጋጭ አድርጎ ያየዋል፤ ድርቅ ሲመጣ ምሕላ የሚይዝ ሕዝብ ነንና ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን ዮሴፍ በግብፅ ያደረገውን ማስታወስ ይበቃል፤ የሰባቱን ዓመት ድርቅ አላስቀረውም፤ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቶ ግን ድርቁ እልቂት እንዳይሆን አድርጓል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዞኑን ተጋላጭነት ከሁሉ በላይ የጨመረው ግጭት ነው። አጣየና አካባቢዋ በተደጋጋሚ ተቃጥለዋል፤ ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎችም ደብረ ብርሃን ተጠልለዋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለደብረ ብርሃን እንግዳ አይደለም፤ የከተማው ሰው ጋቢውን ደርቦ፣ በሩን ዘግቶ ያሳልፈዋል። በላስቲክ ድንኳን ውስጥ አራስ ልጅ ይዛ ለምታድር እናት ግን ያው የቴርሞሜትር ቁጥር የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

በሕግና በፖሊሲ ደረጃ ይህ አስተሳሰብ አገራችን ውስጥ አለ። ከ1966ቱ ረኃብ በኋላ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ዋና ሥራው ከደረሰ በኋላ መድረስ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ ትኩረቱን ከአደጋ በኋላ ምላሽ ወደ ቅድመ አደጋ የስጋት ቅነሳ አዙሯል፤ አሁን ያለውም መሥሪያ ቤት የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ይባላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው፣ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የሚዘልቀው የአደጋ ስጋት ቅነሳ ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የሴንዳይ ማዕቀፍም የሚለው ይህንኑ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ግንባታን ለመቆጣጠር ወጥቷል። የቀረው ይህ ሁሉ ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ መውረዱ ነው፤ እኔ የምታዘበውም እዚያ ላይ ያለውን ክፍተት ነው።

አንድ ወረዳ የጉዳት ሪፖርት ሲጽፍ የዝናቡን ብዛት፣ የፈረሱ ቤቶችን፣ የጠፋውን ሰብል በሄክታር፣ የሚያስፈልገውንም እህል በኩንታል ይዘረዝራል። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው። ከእነሱ ጎን ግን ሌሎች አምዶች መጨመር አለባቸው ባይ ነኝ፦ የፈረሱት ቤቶች ቦታ በማን፣ መቼና በምን ጥናት ተሰጠ፤ ስንጥቁ ወይም የወንዙ መሙላት መጀመሪያ መቼ ታየ፣ ለማንስ ተነገረ፤ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩቱ የወቅት ትንበያ ቀበሌው ደርሶ ነበር ወይ፣ በምን ቀን፤ በዚያው ክስተት ያልተጎዱት ጎረቤቶች ምን ስለነበራቸው ነው ያልተጎዱት? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ዋጋ አለው፤ መልሱ ብዙ ጊዜ በአንድ ማሰሪያ እንጨት፣ በአንድ ጎተራ ወይም በአንድ መቶ ሜትር የቦታ ልዩነት ውስጥ ስለሚገኝ፣ ወረዳው በራሱ በጀት ለቀሪው ሕዝብ ሊያዳርሰው የሚችለው ነገር ሊሆን ይችላል።